ሄዷል ወይስ ሄዶ ነበር

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ሴት ልጃቸውን ወለተ ሚካኤልን ከዘጌ በታንኳ አሻግረው ባሕር ዳር ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አጉረመረመባቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ልጅ፣ ያውም ሴት፣ የፈረንጅ ቋንቋ ምን ይሠራላታል ተባለ። እሳቸው ግን ለደቀ መዛሙርታቸው የግእዝ ግስ ሲያወርዱ፣ ልጅቱ ከደጃፍ ተቀምጣ አንዱን ግስ ከኀላፊ ወደ ትንቢት፣ ከትንቢት ወደ ትእዛዝ ስታገላብጠው በጆሯቸው ሰምተዋት ነበር። «ይህችን ልጅ ቋንቋ ብነፍጋት ትታመምብኛለች» ብለው አፍ አስያዟቸው። ዓመታት አለፉ። ወለተ ሚካኤል ተምራና ሠልጥና እዚያው ባሕር ዳር የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነች።

ጥሩ አስተማሪ ነበረች፤ ገራም ግን አልነበረችም። በተለይ አንድ ነገር ላይ ምሕረት አታውቅም። «ሃቭ» እና «ሃዝ» እየገቡበት የሚነገረውን፣ ድርጊቱ አልፎ ጣጣው ግን እስካሁን የቀጠለውን የግስ ዓይነት ስታስተምር ምሳሌዋን ከየዕለቱ ኑሮ ነው የምትመዘው።

«ቁልፌ ጠፋብኝ ብትሉ አንድ ቀን ጠፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት ወዲያው ተገኝቷል» ትላቸዋለች ተማሪዎቿን። «ቁልፌ ጠፍቶብኛል ካላችሁ ግን ይኸው አሁንም ደጅ ቆማችኋል። ‘ሂ ሃዝ ጎን ቱ ዘጌ’ ካላችሁ ሰውየው ዘጌ ነው ያለው፤ ብትጠሩት አይሰማችሁም። ‘ሂ ሃዝ ቢን ቱ ዘጌ’ ካላችሁ ግን ሄዶ፣ አይቶ ተመልሷል፤ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።»

ከሁሉ አብልጣ የምትጠላው ይህን ግስ ከ«ትናንት» ጋር ማጋባትን ነው። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ አምና ያለ ሰው በሩን ዘግቶታል፤ ከተዘጋ በር ጋር «ሃቭ» አይሄድም። አንድ ቀን አበራ የሚባል ተማሪ ተነሥቶ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ሲል፣ «አይ ሶው» ብሎ እስኪያርም ድረስ በቁሙ አቆየችው። ልጁ ግራ ገብቶት ሲንተባተብ ክፍሉ በሳቅ አወካ። እሷም ፈገግ አለች። አበራ ጆሮው ደም መስሎ ተቀመጠ።

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. አበራ ተማሪ አልነበረም። ትምህርቱን ጨርሶ ካኪ ለብሶ የከፍተኛው ካድሬ ሆኖ ነበር።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስም መጥራት አስፈሪ ነገር ሆነ። ወለተ ሚካኤል ጠዋት ስም ስትጠራ «አቤት» የማይልላት ልጅ ካለ ቀና ብላ አታይም፤ ለምን ቀረ ብላም አትጠይቅም፤ ቶሎ ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። መምህራኑም በዕረፍት ሰዓት ስለ አየሩ፣ ስለ ጤፉ መወደድ ብቻ ያወራሉ። ከእነሱ መካከል አፉን የማይጠብቅ አንድ አንዳርጋቸው ብቻ ነበር፤ የሒሳብ መምህሩ።

ወለተ ሚካኤል አንዳርጋቸውን አትወደውም ነበር። ከእሷ ክፍለ ጊዜ በፊት የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ደወል ተደውሎ እንኳ ከክፍሉ አይወጣም። ሲወጣም ሰሌዳውን ሳያጠፋ ትቶላት ነው። ስትቆጣው ይስቃል። «እቴ፣ የአንቺ እንግሊዝኛ የሰፊውን ሕዝብ ጥያቄ ይመልሳል?» ይላታል። እሷም ዳስተሯን አንሥታ የሱን ቁጥሮች በንዴት ስትጠርግ ጠመኔው አፍንጫዋ ድረስ ይቦንናል።

አንድ ማክሰኞ አንዳርጋቸው ከሥራ ቀረ። ረቡዕም፣ ሐሙስም አልመጣም። ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ እያስተማረች ሳለ፣ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ «ቀበሌ ትፈለጊያለሽ» አላት። ጠመኔውን የት እንዳስቀመጠችው አታስታውስም።

መንገዱን ሁሉ ምን አድርጌ ይሆን እያለች ሄደች። ስትገባ ግን የተጠራችው ስለ ራሷ አልነበረም። ከአዳራሹ መካከል አንድ ወንበር ላይ ሚስተር ኩሪያን ተቀምጧል። ከሕንድ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ላቡን ይጠርጋል። ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ከአንዳርጋቸው ጋር በአንድ ግቢ የተከራየ ሰው ነው። አማርኛ ከሰላምታ በቀር አይችልም። ወለተ ሚካኤልን ሲያይ ፊቱ በራ። «ኦ፣ ማዳም!» አለ፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

ከጠረጴዛው ጀርባ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ነበር። ሽጉጡን ከፊቱ አስቀምጧል። ቀልደኛ አልነበረም፤ ሞኝም አልነበረም። ከጎኑ ደግሞ እግሩን አጣምሮ አበራ ተቀምጧል።

«አንዳርጋቸው አናርኪስት መሆኑ ተደርሶበታል» አላት ሊቀመንበሩ። «ይህ ሰውዬ የት እንዳለ ያውቃል። አንቺ ትጠይቂዋለሽ፤ ያለውን ትነግሪናለሽ። ጓድ አበራ ቋንቋውን ይሰማል፤ ይከታተልሻል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አንዳርጋቸው የት ነው በይው።»

ጠየቀችው። ሚስተር ኩሪያን ክፉ ነገር አልጠረጠረም። አለቆቹ ስለ ጎረቤቱ ጠየቁት፤ እሱም እንደ ጨዋ ሰው ለመመለስ ተዘጋጀ። በዚያ ፈጣን አነጋገሩ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አንበሳሜ ላስት ቱዝደይ፣ ማዳም። ቱ ሂዝ አንት» አላት።

«አንበሳሜ አለ!» ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አንበሳሜ ሲል ሰማሁ። ምን አለ?»

የቦታው ስም አምልጧል፤ ከእንግዲህ አይመለስም። በወለተ ሚካኤል እጅ የቀረው ግሱ ብቻ ነበር። «ሄዷል» ካለች ሰውየው አሁን እዚያ አለ ማለት ነው፤ ጥበቃዎቹ ዛሬውኑ ይወጣሉ፤ የሚሆነውን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አንዳርጋቸው ሲስቅባት ታያት። ሰሌዳው ሳይጠፋ ታያት። አፏ ከልቧ ቀድሞ ተናገረ።

«ባለፈው ማክሰኞ አንበሳሜ አክስቱ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ነው የሚለው።»

«ሄዶ ነበር? ታዲያ ተመልሷላ!»

አበራ የተጣመረ እግሩን ፈታ። «ቲቸር» አለ በዝግታ፤ ካድሬ ከሆነ ወዲህ እንኳ እርስዎ ማለቱን አልተወም። «ሰውየው እኮ ‘ሃዝ ጎን’ ነው ያለው። እርስዎ ‘ሃዝ ቢን’ እንዳለ አድርገው ነው የተረጎሙት።»

በመስኮቱ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የግድግዳውን መፈክር ከጫፉ እያነሣ ይጥለዋል። ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ፤ አላነሣውም፤ መዳፉን ብቻ አሳረፈበት።

ወለተ ሚካኤል አሁን ከተርበተበተች ያበቃላት መሆኑን አወቀች። የምታውቀውን አንድ ድምፅ ፈልጋ አገኘችው፤ የክፍሉን ድምፅ።

«አበራ፣ ተነሥና ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ድገመው።»

አበራ ተነሣ። ከተነሣ በኋላ ነው መነሣቱን ያወቀው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ደንግጦ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አበራ ግን ቆሞ ቀረ፤ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አንበሳሜ ላስት ቱዝደይ» አለ።

«መጨረሻው ምን ይላል?»

«ላስት ቱዝደይ።»

«ባለፈው ማክሰኞ። ከባለፈው ማክሰኞ ጋር ‘ሃዝ’ ይሄዳል?»

ያ ቀን፣ ያ ሳቅ፣ ያ ጆሮው ድረስ የወጣ ደም ሁሉ ተመልሶ በአበራ ፊት ላይ ሲያልፍ አየችው። ሞቴን ከዚህ ልጅ አፍ ልሰማው ነው አለች በልቧ። እንዲስቁበት አድርጌአለሁና።

«አይሄድም» አለ አበራ።

«ታዲያ ሰውየው ተሳስቷል። ቢስተካከል ምን ይሆናል?»

«ሂ ዌንት።»

«‘ሂ ዌንት’ ያለ ሰው፣ አሁንም እዚያ አለ ማለቱ ነው?»

«አይደለም። ሄደ ማለቱ ብቻ ነው። ይመለስ አይመለስ… አይናገርም።»

«ምን እያላችሁ ነው?» ሊቀመንበሩ ጮኸ። «እኔ የምፈልገው ሰውየው አለ ወይስ የለም!»

«እሱኑ ልጠይቀው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። ወደ ሕንዳዊው ዞረች። አንዳርጋቸው አሁን አንበሳሜ ነው ወይ ብላ ብትጠይቀው አዎ ይላታል። ስለዚህ ቃሏን መርጣ፣ በዚህ ሰዓት ያለበትን በእርግጥ ታውቃለህ፣ ከዚያ ወዲህስ አይተኸዋል አለችው። ሚስተር ኩሪያን በነገሩ ተገርሞ እጆቹን ዘረጋ። በእርግጥ? በዚህ ሰዓት? እንዴት አድርጌ ላውቅ እችላለሁ፣ ማዳም፤ አላየሁትም። ይህን ቃል በቃል ተረጎመችው። አበራም አንገቱን ነቀነቀ፤ ሐሰት አልነበረበትምና።

ሊቀመንበሩ ወደ ካድሬው ዞረ። «በትክክል ተርጉማለች አልተረጎመችም? አንድ ቃል ንገረኝ።»

አበራ ወለተ ሚካኤልን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ «ሕጉ እንዳሉት ነው» አለ። «በሕጉ ከሄድን ተመልሶ ከተማ ውስጥ ሊሆን ይችላል።»

ምሮኝ ነው ወይስ ሕጉን ማወቁን ለማሳየት ጓጉቶ ነው? ያን ቀን አልተረዳችውም፤ ዕድሜ ልኳንም አላወቀችውም።

አንበሳሜ መኖሩ እርግጥ ስላልሆነ፣ መኪናም የሚገኘው ሰኞ ስለነበር፣ አሰሳው ከከተማው እንዲጀመር ታዘዘ። ሹም አቦና የሐይቁ ዳር ቤት ለቤት ሊፈተሽ ሆነ። ሚስተር ኩሪያንንና እሷን ለቀቋቸው።

ቤቷ ስትደርስ ልብሷን ሳትቀይር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን ያደረገችው ቃል ማዞር ነው፤ ቢያዝም ባይያዝም ተሳስቼ ነው ማለት ትችላለች። ከዚህ በኋላ የምታደርገው ግን ስሕተት ተብሎ አያልፍም። ቁጭ ብላ አሰበች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። ሰኞ መኪናው ይወጣል፤ እሷም ክፍሏ ገብታ ታስተምራለች፤ ሰሌዳውም ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃታል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ነው ከመቀመጫዋ ያስነሣት።

ከአጥሯ ማዶ ዘይቱና ትኖራለች። ባሏ ኢድሪስ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ እሷ የደረቀ ዓሣና ጨው እየያዘች በየገበያው ትዞራለች። ወለተ ሚካኤል ስትገባ ዘይቱና ዓሣ እየሰነጠቀች ነበር።

«ነገ አንበሳሜ ገበያ ትወርጃለሽ?»

«ኢንሻ አላህ። ምን ላምጣልሽ?»

«የምታመጪልኝ የለም። የምታደርሺልኝ ነው።»

ዘይቱና ቀና ብላ አየቻት፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«እንግዲያው አሳጥሪው።»

«እዚያ አክስቱ ቤት ያረፈ አንዳርጋቸው የሚባል አስተማሪ አለ። ስምህ ቀበሌ ተጠርቷል፤ አንበሳሜ መሆንህም ተሰምቷል በይው። ማን አለሽ ቢልሽ አላውቅም በይ።»

«አላውቅማ» አለች ዘይቱና፤ ቢላዋዋንም መልሳ አነሣች። «አንቺስ ዛሬ መቼ መጣሽ? እኔ አላየሁሽ።»

ሰኞ ጥበቃዎቹ አንበሳሜ ሲደርሱ የአክስትየው ቤት መደብ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ ብቻ አገኙ። ሴትዮዋ ብትደበደብም፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ወጥቶ ሄደ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ይህ ወሬ ባሕር ዳር ሲደርስ ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ነገሩን ገጣጠመው። ሰውየው ማክሰኞ ሄዶ እስከ ቅዳሜ እዚያው ነበር። ሕንዳዊው ያለው እውነት ነበር ማለት ነው፤ ያዛባችው አስተርጓሚዋ ነች።

ከክፍሏ ነው የወሰዷት። በዚህኛው ጊዜ ወንበር አልሰጧትም። ወለሉ ላይ አስተኝተው ውስጥ እግሯን ገረፏት። «በማን ላክሽበት? ማን ነገረው?» ይሏታል። እሷ ከአንድ መልስ አልወጣችም፤ የተረጎምሁት ሕጉ እንደሚለው ነው አለች፤ ደጋግማ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ። የዘይቱና ስም ምላሷ ጫፍ ደርሶ የተመለሰበት ጊዜ ነበረ። ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው።

ከዚያ አበራ ተጠራ። ሊቀመንበሩ «አንተም አለህበት እንዴ? ልክ ነው ያልኸኝ አንተ አይደለህም?» አለው። ወለተ ሚካኤል ወለሉ ላይ እንደተኛች የአበራን ጫማ ብቻ ነበር የምታየው። ጫማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ቆመ። ሲጠራ የትምህርት ቤቱን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ነበር። ገልጦ፣ ከ«ላስት» እና ከ«የስተርደይ» ጋር «ሃቭ» እንደማይገባ የሚናገረውን አነበበ፤ በአማርኛም ፈታው።

«ይህ በመንግሥት የታተመ መጽሐፍ ነው፣ ጓድ» አለ። «ጥፋት ካለ የውጭ አገር ሰውዬው የቋንቋ ጥፋት ነው። ቲቸርም እኔም በመጽሐፉ ሄድን።»

ሊቀመንበሩ አላመነም። ግን እሷን ለእርምጃ ማቅረብ «ልክ ናት» ብሎ የመሰከረውን ካድሬ ማቅረብ ነው፤ አበራ ደግሞ ከበላይ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩት። ነገሩን እንዲሁ አንጠልጥሎ እሥር ቤት ጣላት።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ወሬውን ሰምተው ከዘጌ መጡ። በየቀኑ ጥምጥማቸውን አሥረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከቀበሌው በር ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ። «አባ፣ ከዚህ ይነሡ፤ መሰብሰብ ክልክል ነው» ሲላቸው ጥበቃው፣ «ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ሰው ምን ይሰበሰባል?» ይሉታል። የጸሎታቸው ድምፅ በነፋስ ተይዞ እሥር ቤቱ ድረስ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ወለተ ሚካኤል ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማቸዋለች፤ አንድም ቀን ግን አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ክረምቱ ገብቶ በተፈታች ዕለት ነው። አባቷ እግሯን አይተው ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት፤ እስከ ታንኳው ድረስ ተሸክመው ወሰዷት።

መስከረም ላይ ወደ ማስተማሯ ተመለሰች። እንደ ድሮው ረጅም ሰዓት መቆም አትችልም፤ ተቀምጣ ታስተምራለች። አበራ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር። የአንዳርጋቸው ወሬ ከብዙ ጊዜ በኋላ በዘይቱና በኩል መጣ፤ በመተማ በኩል ወጥቶ ሱዳን ገብቷል፤ ገዳሪፍ ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ሒሳብ ያስተምራል ተባለ። ያተረፈው ማን እንደሆነ አያውቅም። ወለተ ሚካኤልም ስሙን ስትሰማ ያው የድሮ ንዴቷ ትንሽ ብልጭ ብሎባት ነበር፤ ራሷን ታዘበች።

ያልጠበቀችው የሚስተር ኩሪያንን ኩርፊያ ነው። ከእሥር እንደወጣች አንድ ጊዜ «እንኳን ደኅና መጡ» ብሏታል፤ ከዚያ ወዲያ አላናገራትም። በዕረፍት ሰዓት እሷ ስትገባ እሱ ጋዜጣውን አጥፎ ይወጣል። ኋላ አንድ ባልደረባ ምክንያቱን ነገራት። በዚያች ዕለት አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ባይረዳም፣ አበራ ቆሞ ዓረፍተ ነገሩን ሲደግምና «ሂ ዌንት» ብሎ ሲያርመው ሰምቷል። ሁለት ዲግሪ የያዘ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው፣ በአደባባይ እንግሊዝኛ አታውቅም ተባልሁ ብሎ ተቀይሟታል። በአገሩ ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው።

ልትነግረው ፈለገች። ግን ምን ብላ? ሆን ብዬ ነው ብትለው፣ ያ ደግ ሰው በየዋህነቱ ለአንዱ ያወራዋል። ተቀይሞ ቢኖር ይሻላል ብላ ዝም አለች። ዝምታው ግን ከውስጥ እግሯ ይልቅ የሚጠዘጥዛት ቀን ነበር።

ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ መምህራኑ ሊሸኙት አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ። ወለተ ሚካኤልም እያነከሰች ሄደች። ሚስተር ኩሪያን ሁሉንም በየተራ ጨበጠ፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ እጁን ቀዝቀዝ አድርጎ ሰጣት። ዙሪያውን አየች። ወታደሮቹ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ሚስተር ኩሪያን» አለችው በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ያን ቀን የተናገሩት ትክክል ነበር። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።»

ሕንዳዊው እጇን እንደያዘ ቆየ። ኩራቱ አልለቀቀውም፤ ዓይኑ ግን ለዘበ።

«አይ ሃቭ ኦልዌይስ ኖውን ኢት፣ ማዳም» አላት። ድሮም አውቀዋለሁ ማለቱ ነው፤ ያወቀው የራሱን ትክክል መሆን ይሁን የእሷን ምክንያት ግን አልነገራትም። ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። እሷም ከባልደረቦቿ ጋር በትምህርት ቤቱ መኪና ወደ ከተማ ተመለሰች፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበራት።